በቀኝ ጎኗ

የባለቤቴ ሆድ መግፋቱን ከራሷ ቀጥሎ ያወቅኩት እኔ ነኝ፤ ልብስ ሰፊ ነኝና። አዳማ፣ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት፣ አንድ የህንድ ነጋዴ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን አስቀምጬ ከጧት እስከ ማታ እሰፋ ነበር። ሰው ሰላም ብሎኝ ሲያልፍ ፊቱን ብረሳ ትከሻውን አልረሳም። የእሷን ቀሚስ ደግሞ ከእኔ በቀር ማንም አይነካውም። ወገቡ ላይ ጠበበኝ ስትለኝ ስፌቱን ፈትቼ ለቀቅ አደረግኩት። ብዙም ሳይቆይ ደግሜ ፈታሁት። ከዚያ በኋላ የሚፈታ ስፌት ስላልቀረ በግራና በቀኝ ሌላ ጨርቅ ቀጠልኩበት።

መጀመሪያ ላይ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ተጋብተን ብዙ ዓመት ልጅ አጥተን ነበር። ሁለታችንም የወሎ ልጆች ነን፤ ከሲራራ ነጋዴዎች ጋር ወርደን፣ ባቡር ባለበት ሥራ አይጠፋም ብለን አዳማ የቀረን። አማቴም ባላቸው ሲሞቱባቸው አንድ ልጃቸውን ተከትለው መጥተው ከእኛው ጋር ይኖሩ ነበር። እሳቸው በየሶላታቸው ዱዓ ያደርጋሉ፣ እኔ ከደንበኛ በተረፈ ቁርጥራጭ ጨርቅ የሕፃን ልብስ እየሰፋሁ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣለሁ። ባለቤቴ ትስቅብን ነበር።

የመውለጃዋ ጊዜ ደረሰ፤ አለፈም። ጎረቤት መጀመሪያ መንታ ነው አለ፤ ቀጥሎ ወሩን ተሳስታችሁ ቆጥራችሁ ይሆናል አለ፤ ቀጥሎ ዝም አለ። እኔን ያስፈራኝ ዝምታው ነው። አንድ ቀን ከመኪናዬ አጠገብ መጥታ ቁጭ አለችና፣

«አንተ፣ አይንቀሳቀስም እኮ» አለችኝ።

«ምኑ?» አልኳት፣ ምኑ እንደሆነ እያወቅኩ።

ፊቷ ከስቷል፣ ክንዷ ቀጥኗል፤ የሚያድገው ሆዷ ብቻ ነበር። የቀጠልኩላት ጨርቅ ራሱ ተወጥሮ ስፌቱ ሊተረተር ደርሶ ነበር። እኔ ደግሞ እንደ ሞኝ ስፌቱን እያየሁ ክሩን ላወፍረው ወይስ ድርብ ልስፋው እያልኩ አስብ ነበር።

ከዚያ የትንፋሿ ነገር መጣ። በጀርባዋ ስትጋደም ሆዷ ወደ ደረቷ ይወጣና ይጫናታል፤ ዓይኗ ይፈጣል፣ ከንፈሯ ይጠቁራል፣ እጇን ዘርግታ የምትይዘው ትፈልጋለች። በጎኗ ስትሆን ትንሽ ትታገሣለች፣ ግን አትቆይበትም። የሚሻላት ቁጭ ማለት ብቻ ነበር። ቁጭ ብሎ ደግሞ እንዴት ይተኛል? ትራስ ብንደራርብላት ይንሸራተታል፣ ግድግዳ ብትደገፍ አንገቷ ይወድቃል። በመጨረሻ ያገኘነው መላ ጀርባ ለጀርባ መቀመጥ ሆነ። እኔ ወደ ግድግዳው ዞሬ እቀመጣለሁ፣ እሷ ጀርባዋን ጀርባዬ ላይ ትጥላለች፤ እንዲያ ሆነን እናሸልባለን። ወራቱን ያሳለፍነው እንደዚያ ነው።

ትንፋሿ በጀርባዬ በኩል ይሰማኝ ነበር፤ አጭርና ፈጣን። አንዳንዴ ግን እየሳሳ ሄዶ ይጠፋብኛል። ያን ጊዜ ልቤ ቀጥ ይላል። ቀስ ብዬ እዞርና፣ እንደማንኛውም ልብስ ሰፊ ከኮሌታዬ የማይጠፋውን ክር መዝዤ አፍንጫዋ ሥር እይዘዋለሁ። ክሩ ሲወዛወዝ ነፍሴ ትመለሳለች። አንድ ጊዜ እንዲህ ሳደርግ ዓይኗን ገለጠች።

«ምን ትሠራለህ?»

«ዝንብ ነው» አልኳት።

«ዝንብ በክር መያዝ የጀመርከው ከመቼ ወዲህ ነው?» አለችና ልትስቅ ስትል ሳቁ ትንፋሿን ቆረጠው። ከዚያ ወዲህ ላስቃት አልደፈርኩም። እኔ ጨዋታ ወዳድ ሰው ነኝ፤ ያለ ቀልድ መዋል ይከብደኛል፤ ግን ቀልዴን ተውኩ።

የሚመክር አልጠፋም። ፍል ውሃው ያወርድላታል ብለውን በበቅሎ ሶደሬ ወሰድናት። ሴቶቹ ደግፈው ውሃው ውስጥ አስገቧት። እኔ ወንዶቹ ዘንድ ሆኜ ድምፅዋን እሰማ ነበር። ወገቧ ድረስ ስትገባ «ቀለለኝ!» አለች፤ ደስ አለኝ። ወዲያው የአማቴ ጩኸት ተከተለ። ውሃው አንገቷ ድረስ ሲደርስ፣ እሱ ከውጭ ሆዷ ከውስጥ ሆነው ደረቷን መሐል ላይ ያዙት። ጎትተው ሲያወጧት ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ስንመለስ በቅሎዋ እንኳ ቀስ ብላ ነበር የምትሄደው።

ከጣቢያው ማዶ አንድ ፈረንጅ ሐኪም ቆርቆሮ ቤት ተከራይቶ የባቡር ሠራተኞችን ያክም ነበር። ከድሬዳዋ አብሮት የመጣ ረዳት ነበረው፤ ከእኛ ጋር በአማርኛ፣ ከገበሬው ጋር በኦሮምኛ፣ ከሐኪሙ ጋር በፈረንጅኛ የሚነጋገር፣ ቀጭን፣ ቁጥብ ሰው። የሐኪሙን ሱሪ እኔ ነበርኩ የማጣብበው። አንድ ቀን ሱሪውን ላደርስ ሄጄ፣ ሳላስበው የባለቤቴን ነገር ለረዳቱ ዘረገፍኩለት።

ሐኪሙ እንደሌላው ሆዷን ብቻ ነካክቶ አልተወም። መጀመሪያ ቁጭ እንዳለች ትንፋሿን አዳመጠ። ከዚያ ወደ ኋላ ትንሽ አዘነበላትና ቆሞ አያት። ትንሽ ጨመረ። በግራ ጎኗ አጋደማት፣ አየ። በቀኝ ጎኗ አጋደማት፣ አየ። በመጨረሻ በጀርባዋ አስተኛት። እኔ መታገሥ አልቻልኩም፤ «በቃ! በቃ!» ብዬ ጮህኩ። እሱ ከንፈሯን እያየ ነበር። ከዚያ ራሱ በሁለት እጁ ደግፎ አስነሳት።

ከረዳቱ ጋር ረጅም ጊዜ ተነጋገሩ። ረዳቱ ወደ እኛ ዞሮ፣

«ሆዷ ውስጥ ያለው ውሃ የሞላ ከረጢት ነው ይላል። ማውጣት ይቻላል» አለ።

«ልጁስ?» አሉ አማቴ።

«ልጅ የለም እናቴ።»

አማቴ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ባለቤቴ ግን ዓይኗን ከረዳቱ ላይ አላነሳችም። የምታውቀውን ነገር ሌላ ሰው እስኪነግራት ስትጠብቅ የቆየች ትመስል ነበር። ሳጥኑ ውስጥ ያስቀመጥኩት የሕፃን ልብስ ትዝ አለኝ።

«ሐኪሙ ቢላውን አይፈራም» አለ ረዳቱ፤ «የሚፈራው ማስተኛቱን ነው። ኤተር የሚባል መድኃኒት አለ፤ ስታሸተው ትተኛለች፣ ሕመም አይሰማትም። ነገር ግን አሁን ነቅታ ሳለች ሲከብዳት ትነሳለች፣ ትዞራለች፣ ትታገላለች። መድኃኒቱ ካስተኛት በኋላ የሚታገልላት የለም። አካሏ እንዳስቀመጡት ይቀራል።»

ያችን ቃል ይዤ ወጣሁ። የሚታገልላት የለም። መኪናዬን ስረግጥ፣ ጨርቅ ስቆርጥ፣ ውሃ ስጠጣ ያችኑ ቃል ብቻ ነበር የምሰማው። ሕክምናው ይቅር ልል ፈለግኩ። አማቴም ይቅር ነበር ያሉት፤ የአላህ ቁጣ ከሆነ በቢላ አይወጣም አሉ። የቆረጠችው ባለቤቴ ናት።

«ቁጭ ብዬ መሞት ሰለቸኝ» አለችን። «ከሞትኩም ተኝቼ ልሙት።»

ከዚያ በኋላ የሚከራከር አልነበረም።

ሐኪሙ ልብስ ሰፊነቴን ስለሚያውቅ ሥራ ሰጠኝ። ከወገቧ እስከ ራሷ እንደ አቀበት ቀስ እያለ ከፍ የሚል ትራስ ስፋ አለኝ፤ አንድ ወጥ ሳይሆን ሦስት ሆኖ የሚደራረብ፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው ከሥሩ የሚቀር። ሐሳቡ ግልጽ ነበር። እንደተቀመጠች መድኃኒቱን ያሸቷታል፤ ከከረጢቱ ውሃው በተቀዳ ቁጥር ሆዷ ይጎድላል፤ ሆዷ በጎደለ ቁጥር አንድ ትራስ እያወጡ ዝቅ ያደርጓታል። ወፍራም አቡጀዲ ገዝቼ በጭድ ሞላሁት። እንደዚያን ቀን መርፌ ሰብሬ አላውቅም። ጠርዙን ድርብ ሰፋሁት፤ ከዚያ ጭዱ ቢፈስስስ ብዬ እንደገና ደረብኩበት። ሕንዱ ነጋዴ መጥቶ «ሰውዬ፣ ምሽግ ነው እንዴ የምትሠራው?» አለኝ። የተሰበረውን መርፌ ቀይሬ መስፋቴን ቀጠልኩ።

በቀጠሯችን ቀን ጧት ወደ ቆርቆሮው ቤት ሄድን። ከሕክምናው በኋላ የምትተኛበት ክፍል አንዲት ጠባብ ክፍል ናት፤ አልጋና በርጩማ ብቻ ያለባት። አማቴ እንደገቡ ዙሪያውን አዩና፣

«ቂብላው በየት ነው?» አሉኝ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። የእኛ ሰው ነፍሱ ልትወጣ ስትል ከራስጌው ትራስ ያወጡለታል፤ በቀኝ ጎኑ ያጋድሙታል፣ ፊቱን ወደ መካ ያዞሩታል። አዳማ ላይ መካ በስተሰሜን ነው። ስለዚህ አልጋው ራስጌው ወደ ምሥራቅ መሆን ነበረበት።

«እማማ፣ ልናሳክማት ነው የመጣነው ወይስ ልንቀብራት?» አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ እርስዎ ማለቱን እንኳ ልረሳ ምንም አልቀረኝ።

«አብሽር ልጄ» አሉኝ። «ለሁሉም እንዘጋጅ ብዬ ነው። ቀኝዋ ቂብላ እንዳያጣ።»

እኔ አልጋውን ልነካ አልፈለግኩም። ረዳቱ መጥቶ ነገሩን ሲሰማ ዝም ብሎ አልጋውን ገፍቶ አዞረው። ለሐኪሙ የቱም ቢሆን ግድ አልነበረውም። አማቴ አልጋውን በእጃቸው ደባብሰው «አሁን ይሁን» አሉ። እኔ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወደዚያ አልጋ ማየት አስጠላኝ፤ ለእሷ የተዘጋጀ መቃብር መስሎ ታየኝ።

መድኃኒቱ እስኪይዛት ትከሻዋን እንድደግፍ ሐኪሙ ማከሚያው ክፍል አስገባኝ። ጠረጴዛው ላይ ሦስቱን ትራሶቼን ተደግፋ ተቀመጠች። ረዳቱ በሽቦ የተሠራ፣ ጨርቅ የለበሰ ነገር አፍንጫዋና አፏ ላይ አድርጎ መድኃኒቱን ጠብ ጠብ ያደርግበት ጀመር። ሽታው ራሴን አዞረኝ። አንድ ጊዜ እጁን ልትገፋ ሞከረች፣ ከዚያ ዓይኗን ወደ እኔ አንስታ አየችኝ፣ ከዚያ ትከሻዋ እጄ ውስጥ ከበደ። የሰው ትከሻ እንደዚያ ሲከብድ አይቼ አላውቅም። የሚታገልላት የለም የተባለው ይሄ ነው አልኩ በልቤ።

ሐኪሙ ሆዷን በጨርቅ ከልሎ ሥራውን ጀመረ። ማየት አልቻልኩም፤ የባልዲው ድምፅ ግን ይሰማኛል። ውሃው ይወርዳል፣ ይወርዳል። ሐኪሙ አንድ ቃል ተናገረ፤ ረዳቱ «አንዱን አውጣ» አለኝ። የላይኛውን ትራስ ሳብኩት። ዝቅ አለች። ትንፋሿን ጠበቅኩ፤ መጣ። ሁለተኛውን አስወጡኝ፤ ትንፋሿ ረዘም፣ ጠለቅ ብሎ መጣ። ሦስተኛውን ሳወጣው ባለቤቴ በጀርባዋ፣ ቀጥ ብላ ተኝታ እየተነፈሰች ነበር። እንደዚያ ካየኋት ዓመት ሊሞላ ነው። ዕንባዬ መጣ። ሐኪሙ በቃህ ብሎ በእጁ ምልክት ሰጠኝና ወጣሁ።

ውጭ ቁጭ ብለን ጠበቅን። ባቡር መጥቶ ቆመ፣ ተጫነ፣ ሄደ። አማቴ የሙስባሃቸውን ዶቃ ይቆጥራሉ፤ እኔ የኮሌታዬን ክር በጣቴ እጠመጥማለሁ፣ እፈታለሁ። በመጨረሻ ረዳቱ በሩን ከፍቶ «አልቋል፤ ወጥቷል» አለን።

በቃሬዛ አምጥተው ያን አልጋ ላይ አስተኟት። ታንኮራፋ ነበር። ደነገጥኩ፤ ረዳቱ «ማንኮራፋቷ አያስፈራ፤ መተንፈሷ ነው። መድኃኒቱ እስኪለቃት ትቆያለች። ሐኪሙ ይታጠብ፣ እኔ ዕቃውን ልቀቅል፤ የሆነ ነገር ካያችሁ ጥሩኝ» ብሎ ወጣ። ሁለታችን ከእሷ ጋር ቀረን።

አማቴ አይተዋት አላስቻላቸውም። «ልጄ ያለ ትራስ ትተኛለች እንዴ? ትታፈናለች እኮ» አሉ። እውነታቸውን ነበር የመሰለኝ። ያን ሁሉ ወር ጋደም ማለት ለእኛ ቤት መታፈን ማለት ነበር። ትራሶቼን ከማከሚያው ጠረጴዛ ሥር አመጣሁ፤ እኔ ራሷን ቀና አደረግኩ፣ እሳቸው ከሥሯ ደረደሩ። አገጯ ደረቷ ላይ አረፈ። የተመቻት መሰለን።

ማንኮራፋቷ ወፈረ። ከዚያ መቆራረጥ ጀመረ። ከዚያ ጸጥ አለ።

«ተመስገን፣ እፎይ አለች» አልኩ።

የለበሰችው ነጠላ ይንቀሳቀሳል፤ ሆዷ ላይ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። እያየሁት ግን አንድ ነገር አልጥምህ አለኝ። ሆዷ ላይ ያለው ጨርቅ ከፍ ሲል ደረቷ ላይ ያለው ወደ ውስጥ ይገባል። ልብስ ለብሶ የሚተነፍስ ሰው ሳይ ነው ዕድሜዬን የፈጀሁት፤ ጨርቅ እንደዚያ አይሄድም። ክሩን ከኮሌታዬ መዝዤ አፍንጫዋ ሥር ያዝኩት።

ክሩ አልተነቃነቀም።

ከአፍንጫዋ ርቆ ይሆናል ብዬ አስጠጋሁት። አልተነቃነቀም። ነጠላው ግን ይንቀሳቀሳል። የቱን ልመን? ረዳቱን ልጥራ ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ እንደወጣኝ ዛሬም አላውቅም። ቀና ስል አማቴ ክሩን እያዩ ነው። ከንፈሯንም አዩ፤ ጠቁሯል። ሙስባሃቸውን አንገታቸው ላይ አደረጉና ተነሡ።

ሥራቸውን እንደሚያውቅ ሰው ነበር ያደረጉት። አልጮሁም። ትራሶቼን አንድ በአንድ ከሥሯ መዝዘው ወለሉ ላይ ወረወሩ። ከዚያ አንድ እጃቸውን ትከሻዋ፣ አንድ እጃቸውን ዳሌዋ ላይ አድርገው ወደ ቀኝ ሊያዞሯት ሳቡ። ፊቷን ወደ ሰሜን።

አእምሮዬን ሳትኩ። ልጃቸውን ለሞት ሰጧት ማለት ነው። ዘልዬ ክንዳቸውን ያዝኩ።

«እማማ ይተዉ! አልሞተችም! ነጠላው ይንቀሳቀሳል፣ አያዩም?»

«ክርህ ቆሟል» አሉኝ። «ልቀቀኝ ልጄ። መጨረሻዋን አታበላሽባት።»

«አያዙሯት!»

እኔ በጀርባዋ ላስቀራት እጎትታለሁ፣ እሳቸው በቀኝ ጎኗ ሊያደርጓት ይስባሉ። ባለቤቴ መሐላችን ናት፤ ለራሷ የምትታገለው ነገር የለም። እኒያ አጥንት ብቻ የቀራቸው ሴት ከየት እንዳመጡት አላውቅም፣ በክርናቸው ደረቴን ገፍተው አላቀቁኝና አዞሯት። ራሷ ወደ ቀኝ ዘንበል አለ፣ ፊቷ ወደ ግድግዳው ዞረ፣ ከአፏ ጥግ ለሃጭ ፈሰሰ። አማቴ ጎንበስ ብለው በጆሮዋ «ላ ኢላሀ ኢለላህ» ማለት ጀመሩ።

ወፍራም አቡጀዲ በጥርስ ይዘህ ስትቀደው የሚያሰማውን ድምፅ የሚያውቅ ያውቀዋል። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከጉሮሮዋ ወጣ። ረጅም። ወደ ውስጥ። ከዚያ ተነፈሰች። ደግማ ሳበች፣ ደግማ ተነፈሰች። ክሩ የት እንደወደቀ ስለማላውቅ እጄን አፏ ላይ አደረግኩ፤ ሞቀኝ።

«እማማ! ተነፈሰች!»

«አውቃለሁ» አሉ፣ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ። «ትተንፍስ። ትጨርስ፤ አታስቸኩላት።»

የመጨረሻዋ መስሏቸው ነበር።

ሐኪሙ እጁ እንደረጠበ ሮጦ ገባ፤ ረዳቱ ከኋላው። ስጮህ ኖሯል። አገጯን በጣቱ ወደ ፊት ገፍቶ ይዞ ጆሮውን አፏ ላይ አደረገ፤ ከንፈሯን ገልጦ አየ። ቀለሙ እየተመለሰ ነበር። ከዚያ ወለሉ ላይ የተበተኑትን ትራሶች አየ፤ በእግሩ ከአልጋው አርቆ ገፋቸው። ተቆጥቶ ረጅም ነገር ተናገረ። ረዳቱ ወደ እኔ ዞሮ፣

«ትራሱን ማን መልሶ አደረገ ይላል። ያኔ የሚያፍናት ሆዷ ነበር፤ ከረጢቱ ወጣ። አሁን መድኃኒቱ ስላለ ምላሷ ወደ ኋላ ይወድቃል፤ ራሷ ሲታጠፍ ደግሞ ጉሮሮዋ ይዘጋል። ደረቷ ይሠራል፣ አየር ግን አይገባም» አለኝ። ከዚያ ሐኪሙ አንድ ጥያቄ ጨመረ፤ ረዳቱ ተረጎመልኝ። «በጎኗ ያዞራትስ ማነው? ጉሮሮዋን የከፈተው እሱ ነው። ማን አስተማራችሁ?»

አማቴን አየኋቸው። አሁንም በጆሮዋ እያንሾካሾኩ ነው።

«ማንም አላስተማረንም» አልኩት። «ቂብላ ነው።»

ረዳቱም የእኛው ሃይማኖት ሰው ነበር። አልጋው ለምን እንደዞረ የሚያውቀው እሱ ነው። ለሐኪሙ አጭር ነገር መለሰለት፤ ምን እንዳለው አልጠየቅኩም። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀና «እንዲሁ። እንዲሁ ትቆይ» አለ፣ በተሰባበረ አማርኛው። አማቴን ከአልጋው ለማራቅ ብንሞክር እምቢ አሉ። ከንፈሯ ቀልቶ፣ ጣቷ ተንቀሳቅሶ፣ ባለቤቴ እስክታቃስት ድረስ ማንንም አላመኑም። ያን ጊዜ ወለሉ ላይ ዝርግፍ ብለው ተቀመጡና እንደ ሕፃን አለቀሱ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ ትከሻቸውን ልይዝ ፈልጌ ቀድመው የእኔን ያዙት።

ባለቤቴ ስትነቃ መጀመሪያ ያለችው፣

«ጀርባህ የት ሄደ?» ነው።

ድናለች። ቀሚሶቿን ሁሉ አጣበብኩላት። የሕፃኑን ልብስ ለአንዲት ለወለደች ጎረቤት ሰጠናት፤ ባለቤቴ ያለቀሰችው እሱን ስትሰጥ ብቻ ነው። ስለዚያች ቀን ግን ቤታችን ውስጥ አንድ ሐሳብ ሆኖ አያውቅም። አማቴ «እኔ አስረክቤያት ነበር፤ አላህ አየና መለሰልኝ» ይላሉ። ሐኪሙ ምላሷ ነው ብሏል። እኔ ሁለቱንም አምኜ እኖራለሁ፤ የማልችለው መተኛት ነው። እሷ አሁን እንደ ሰው ተጋድማ እንቅልፏን ትለጥጣለች፣ እኔ ጆሮዬን ተክዬ አዳምጣለሁ። በጀርባዋ ከሆነች ቀስ ብዬ ወደ ቀኝ እገፋታለሁ።

«ልታድነኝ ነው ልትገድለኝ? እንቅልፌን ተወኝ እንጂ!» ትለኛለች።

አሁን ትስቃለች፤ ሳቋም ትንፋሿን አይቆርጠውም።

ጥቂት ዓመት ቆይቶ አማቴ ታመሙ። ዕድሜያቸው ነበር፤ ሐኪም የሚያወጣው ነገር አልነበረውም። ቤታችን ውስጥ አልጋቸውን ራስጌውን ወደ ምሥራቅ ያዞርኩት እኔ ነኝ፤ ሳይጠይቁኝ። አይተው ፈገግ አሉ።

«ስታዞረኝ እንደ ያኔው አትታገለኝ» አሉኝ።

«አልታገልዎትም እማማ» አልኳቸው።

ጊዜው ሲደርስ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ትንፋሻቸው ተቆራረጠ፣ ከዚያ ጸጥ አለ። ትራሱን ከሥራቸው አወጣሁ። አንድ እጄን ትከሻቸው፣ አንድ እጄን ዳሌያቸው ላይ አድርጌ በቀኝ ጎናቸው አዞርኳቸው፤ ፊታቸው ወደ ሰሜን። ባለቤቴ በጆሯቸው የሚባለውን አለች። ሁሉም ነገር እሳቸው እንዳደረጉት ሆነ።

እኔ ግን ከኮሌታዬ ክር መዝዤ አፍንጫቸው ሥር ያዝኩ። ያን የሚቀደድ ድምፅ ጠበቅኩ። ጎረቤቶች ገብተው ቆሙ፣ ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ፤ እጄን ግን አላወረድኩም። በመጨረሻ ባለቤቴ መጣችና ክሩን ከጣቶቼ መሐል ቀስ ብላ ወሰደችው።